የቀብራራው ምሰሶ ፎቶዎች

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ለአማቷ ሻይ አፈላች። ሐኪም እንዳዘዘው አንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ጨመረችበት። አማቷም እንደ ወትሮው ቀመሱና፣ "ይቺ ምኗ ስኳር ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የነገርሽው" ብለው አጉረመረሙ። መድኃኒታቸውን ሰጠቻቸው። መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ሥራ እስክትሄድ በቀራት አንድ ሰዓት ውስጥ የባሏን ላፕቶፕ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ እርሳሷን ቀርጻ ተቀመጠች። ላለፉት አራት ወራት ጠዋቷ ይኸው ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ፎቶ ትከፍታለች። ከፎቶው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትነካ የባሏ ድምፅ ይሰማል፦ "ሁለተኛ ፎቅ፣ ሽማግሌው፣ የሰሜን ፊቱ፣ ደህና ነው።" የፎቶውን ቁጥር አስቀድማ የሰማችውን ትጽፋለች። ወደ ቀጣዩ ታልፋለች።

ባሏ የሕንፃ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ሳይት ላይ እጁ ከጓንት፣ ጓንቱ ከሲሚንቶ ተላቆ አያውቅም። ስለዚህ አይጽፍም። ፎቶውን ያነሳል፣ ከሄልሜቱ ሥር በተንጠለጠለችው ማይክ ይናገራል፣ ፕሮግራሙ ድምፁን ከፎቶው ጋር ያያይዛል። ፎቶ ሲፈልግም በአፉ ነው የሚጠራው። "ሽማግሌው" ሲል የሽማግሌው ፎቶዎች በሙሉ ይደረደሩለታል። ፕሮግራሙ ፊደል አይቆጥርም፤ ድምፅን ከድምፅ ያመሳክራል። የሚታዘዘውም ለእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ሳይት ላይ ሁሉም ይጮሃል፤ የሌላውን ጩኸት ትእዛዝ ብሎ እንዳይቀበል የራሱን ድምፅ አስተምሮታል።

ምሰሶዎቹን በቁጥር አይጠራም ነበር። ፕላኑ ሦስት ጊዜ ስለተቀየረ ቁጥራቸውም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ትናንት ሰባት የተባለው ዛሬ ዘጠኝ ሲሆን፣ ሳይቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም ያወጡላቸው ጀመር። ሽማግሌው። አንካሳው። ሙሽሪት። ቀብራራው።

ቀብራራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የእንጨት ቅርፁ የተፈታለት ዕለት ቀጥ ብሎ፣ ልስልስ ብሎ ቢወጣ ነው ይህ ስም የተሰጠው። ውስጡ ግን ባዶ ባዶ ነበር፤ አርማታው በደንብ ስላልሞላ የቆመው በብረት ድጋፍ ነው። በዚያው ጠዋት ባሏ አርባ አንድ ፎቶ አነሳው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀብራራው ተደረመሰ። ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ አንድ ብረት አሳሪና ባሏ ሥሩ ቀሩ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ደብተሯ 3813 ላይ ደርሶ ነበር። "ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው፣ እጀታው ይቀራል።" ጻፈች። ቀጣዩን ነካች።

3855 ተከፈተ። "አራተኛ ፎቅ፣ የውሃ መውረጃው።"

ወደ ኋላ ተመለሰች። 3813። ወደ ፊት ሄደች። 3855።

ላፕቶፑን ዘግታ ከፈተችው። 3813። 3855።

በሙያዋ የቤተ መጻሕፍት መዝጋቢ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሠራ የኖረችው መደርደሪያው ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ማየት ነው። ደግሞም አትጠራጠርም። አርባ አንዱንም ዓርብ ዕለት በዓይኗ አይታቸዋለች።

እርሳሷ እጇ ውስጥ ተሰበረ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ አማቷ።

"ምንም አልሆንኩም እማዬ። ሻይዎን ይጠጡ።"

ሐሙስ የአደጋው አጣሪ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሕንፃውን የሚሠራው ኩባንያ ለኮሚቴው ያቀረበው መልስ አጭር ነበር፦ "የብረት ድጋፎቹ የተነሱት የጥራት ተቆጣጣሪው በቃል በሰጠው ፈቃድ ነው።" ማን ሰማ፣ ማን መሰከረ፣ አልተጻፈም። "የሥራ ቦታው ሪፖርት እንደሚያስረዳው" ይላል፣ አለቀ። ድጋፎቹን ያነሱት የቀን ሠራተኞች ሞተዋል። ፈቀደ የተባለውም ሞቷል። ሙት አይከራከርም።

እሷ ግን መልስ ነበራት። በአርባ አንዱም ፎቶ ሥር የባሏ ድምፅ ነበር፦ "ቀብራራው፣ ድጋፉ አይነሳ።" አርባ አንድ ጊዜ። ኮሚቴው ሐሙስ ይዘሽ ቅረቢ ብሏታል። ሐሙስ ሳትይዝ ከቀረበች ባሏ አራት ሰው የገደለ ሰው ተብሎ ይጻፋል፤ አንደኛው እሱ ራሱ ነው። የብረት አሳሪው እናት በመንደራቸው መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን የሚያዞሩባት አሁንም ነው። ከሐሙስ በኋላማ!

ቅጂ አልነበራትም። ለቤተ መጻሕፍት የተቀደደ ጋዜጣ እንኳ ሦስት ቅጂ የምታስቀር ሴት፣ ለባሏ ስም አንድ ቅጂ አላስቀረችም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። በሌላው ከመቆጣቷ በፊት በራሷ ተቆጣች። ከዚያ ሥራ ቦታዋ ደውላ እንደማትገባ ተናገረች፤ ቀጥሎ ፖሊስ ጋ ደወለች።

*

ኢንስፔክተሩ ሰፊ ትከሻና ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ነው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ላፕቶፑን እንደ ታመመ ሕፃን ትኩር ብሎ አየው።

"እህቴ፣ ፎቶ ጠፋ ብለው ነው ፖሊስ የጠሩት?"

"ፎቶ አይደለም። ማስረጃ ነው።"

"እኔ ራሴ ባለፈው የልጄን የልደት ፎቶ አጥፍቼ ሚስቴ ለሳምንት..."

"ሰውዬ፣" አለች፣ "አራት ሰው ሞቷል። የሚቀልዱ ከሆነ በሩ ያው።"

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን አወጣ። ከዚያ በኋላ ልደት አላነሳም።

"ፎቶዎቹ እንዳሉ ማን ያውቃል?"

"የኩባንያው ጠበቃ። ዓርብ መጥታ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየች፣ አንድ በአንድ ሰማች። ስትወጣ 'ቅጂ አለሽ?' አለችኝ። 'እያዘጋጀሁ ነው' አልኳት።"

"አይ እህቴ።"

"አውቃለሁ። አይንገሩኝ።"

"ሌላ?"

"የኮምፒዩተር ጠጋኙ። ቅዳሜ ጠዋት የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ይጮሃል ብዬ ወሰድኩለት። ከሰዓት መለሰልኝ።"

"ሌላስ?"

"ጋሼ ውሃ ልክ ያውቃሉ። የሳይቱ ፎርማን ናቸው። የባሌ ጓደኛ ናቸው።"

"ስሙ ነው ቅጽል ስሙ?"

"እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ በዓይናቸው ብቻ አይተው ግድግዳው አንድ ጣት እንደተዛነፈ ይናገራሉ። ለዚያ ነው። የባሌን አስከሬን ከፍርስራሹ ያወጡት እሳቸው ናቸው።"

ኢንስፔክተሩ ወደ አሮጊቷ ዞረ። "እናቴ፣ እርስዎ ከቤት አይወጡም አሉ። ከዓርብ ወዲህ እዚህ ቤት ማን መጣ?"

"ያቺ የሽቶዋ ሴትዮ መጣች። ወንበሩ እስከ ማታ ሲሸት ዋለ።"

"ከእሷ በኋላስ?"

"ማንም አልመጣም። ማን ይመጣል? ሐዘን ሲያረጅ ሰው እግሩ ይከብደዋል።"

ጻፈው። ማንም አልመጣም።

*

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልክ መጣ። ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ወሬውን ከሰማ ጀምሮ ቁጭ አላለም።

"ያቺ ጠበቃ ናት!" አለ። "እቱ ሙች፣ ሌላ ማንም አይደለም! ከጠጋኙ ጋር ተመሳጥራ ነው። ያ ልቅምቅም ለሳንቲም እናቱን ይሸጣል። ነግሬሽ አልነበር፣ ለማያውቁት ሰው ዕቃ አይሰጥም ብዬ?"

"አልነገሩኝም ጋሼ።"

"በሆዴ ብዬዋለሁ።" ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ወይኔ ወንድሜን! ሞቶ እንኳ አያሳርፉት? ሙት ወቃሽ ሁላ!"

አማቷ ማልቀስ ጀመሩ። ውሃ ልክ አጠገባቸው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። "እማዬ አያልቅሱ። እኔ ልጅዎ አለሁ አይደል?" ከዚያ ተነስቶ፣ እጁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማይችል፣ የላላውን የወጥ ቤት በር ማጠፊያ በጩቤ ጫፍ አጠበቀው። ለባሏ ያዘነ ሰው ሁሉ አፉን ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ ይህ ሰው እጁን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ትወደው ነበር።

"ሐሙስ እኔም እመጣለሁ" አላት ሲወጣ። "አጠገብሽ እቆማለሁ።"

*

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑን ይዛ ከኢንስፔክተሩ ጋር ጠጋኙ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ከቁም ሳጥን ትንሽ ይበልጣል። ኢንስፔክተሩ ከገባ ሌላው መውጣት አለበት። መሳቢያውን ሳበ፤ ከሽቦና ከብሎን መሃል አንድ የስም ካርድ አነሳ። የጠበቃዋ ነው።

"ስንት ሰጠችህ?" አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ዝቅ ማለቱ ነው ጠጋኙን ያስደነገጠው።

"ማን? ምን?"

"የባሌ ስም ስንት ተባለ?"

"ኧረ እመቤቴ! ኧረ ቆይ!" ጠጋኙ ሁለት እጁን አነሳ። "ሴትየዋ ቅዳሜ መጥታለች፣ አልክድም። አንቺን ተከትላ ነው የመጣችው። 'ይዘቱን ቅዳልኝ' አለች። 'እህት፣ እኔ ማቀዝቀዣ ነው የምጠርግ፣ ሰው አልጠርግም' ብዬ አስወጣኋት።"

"ካርዷ ምን ይሠራል እዚህ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ኪቦርድ እጠርግበታለሁ።" ካርዱን ነጥቆ አሳየው። ጠርዙ ጥቁር ሆኖ ተበልቷል። "ጥሩ ወረቀት ነው። ጠበቆች በወረቀት አይጫወቱም።"

"ታዲያ ማን አጠፋው?"

"መሳሪያውን ስጡኝና ራሱ ይናገር። ሳትጠይቁት ሰው ትይዛላችሁ።"

ተቀምጦ ነካካው። ዓይኑን አጠበበ። ስድቡን ሁሉ ረስቶ ሥራው ውስጥ ገባ፤ እሷም ይህን አይታ ስለ ካርዱ የተናገረችው ቆጠቆጣት።

"ይኸው። ፎቶዎቹ የተሰረዙት እሁድ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከእጄ ወስደሽዋል። እና ዝም ብሎ የተሰረዘ አይደለም። 'ጭራሽ ይጥፋ ወይ?' ብሎ ጠይቆታል፣ 'አዎ' ተብሏል። ይሄ አይመለስም እመቤቴ። እሞክራለሁ ግን ተስፋ አልሰጥሽም።"

እሁድ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ተረኛ ነበረች። ላፕቶፑ ቤት ነበር፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ። ከአማቷ ጋር።

"ማንም አልመጣም" አለ ኢንስፔክተሩ ደብተሩን እያየ።

እሷ ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። "ፎቶው ሲሰረዝ ድምፁም አብሮ ይሰረዛል?"

"አብሮ።"

"ፎቶዎቹን ቁጠርልኝ። ድምፆቹንም ለብቻ ቁጠርልኝ።"

"ለምን?"

"ቁጠር።"

ቆጠረ። ፎቶ፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ አንድ። ድምፅ፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ሁለት።

"አንድ ትርፍ አለ" አለች።

ጠጋኙ አፉን ከፍቶ አያት። "ኧረ አንቺስ ሴትዮ! ልክ ነሽ። ፎቶ የሌለው ድምፅ።" ጠርቶ አወጣው። "ይሄ የፍለጋ ድምፅ ነው። ሰው በድምፁ ፎቶ ሲፈልግ ፕሮግራሙ የተባለውን ለጊዜው ይይዘዋል። ፕሮግራሙ በወግ ሲዘጋ ይጥለዋል። የእሁዱ ሰው ግን በወግ አልዘጋውም። ክዳኑን ድርግም አድርጎ ነው የሄደ።"

"የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል" አለ ኢንስፔክተሩ። "ግን ቆይ። ይሄ ፕሮግራም ለሟቹ ድምፅ ብቻ ነው የሚታዘዝ አላሉኝም?"

"አዎ።"

"እሁድ ሟቹ የት ነበር?"

ጠጋኙ የድምፁን ቀን አሳያቸው። እሁድ፣ አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት። ባሏ ከሞተ አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

እጇን ዘርግታ ቀስቷን ነካች።

መጀመሪያ የኮሽታ ድምፅ መጣ። ከዚያ ባሏ ተናገረ።

"ውሃ ልክ፣ ስማኝማ። ቀብራራው ገና ነው። ድጋፉን እንዳታነሳ። አለቃህ ቢጮህ በእኔ አሳብብ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥቼ በዓይኔ እስካየው አንዲት ብረት እንዳትነካብኝ። ሰማኸኝ? በል ደህና እደር።"

ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ደብተሯ ውስጥ የለም። ባሏ ለፎቶ የተናገረው አይደለም፤ ለሰው የተናገረው ነው። የሞተው በማግስቱ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ነበር።

"የስልክ መልእክት ነው" አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ። "ሰውዬው ስልኩን እዚህ ማይክ ላይ አስጠግቶ አስነግሮታል። ፕሮግራሙ 'ቀብራራው' የምትለዋን ቃል በባለቤቱ ድምፅ ሰማ። ታዘዘ።"

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አወለቀ። "ፎቶዎቹን ሊያጠፋ መጥቶ..." አለ፣ አልጨረሰውም።

እሷ አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተበላ ካርድ አየችው። ብርቱካኑ ትዝ አላት። ትናንት ማታ ልጣ ለአማቷ አጉርሳለች።

*

"እማዬ፣" አለች ቤት ደርሳ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "እሁድ ጠዋት እኔ ሥራ ሳለሁ ማን መጣ?"

"ማንም አልኩሽ እኮ።"

"ጋሼ ውሃ ልክስ?"

"እሱማ መጣ።" አማቷ ግራ ገባቸው። "እሱ ምኑ እንግዳ ነው? ፖሊሱ የጠየቀኝ እንግዳ መሰለኝ። እሱ ልጄ አይደል? አምፖሉን ቀየረልኝ። ውሃ ጠማኝ አለኝ፣ ላመጣለት ወጥ ቤት ገባሁ። እግሬ እንደምታውቂው ነው፣ ስሄድና ስመለስ ጊዜ ፈጀሁ።"

"ሲመለሱ ምን ሲያደርግ አገኙት?"

"ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ።" አሮጊቷ ቀና አሉ። "ደግሞ ያን ዕለት የልጄን ድምፅ ሰማሁ ልበልሽ? ወጥ ቤት ሆኜ። ጆሮዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እብድ እንዳትዪኝ ብዬ።"

አጠገባቸው ተቀመጠች። ያረጀ እጃቸውን ይዛ ቆየች።

"እብድ አይደሉም እማዬ። ጆሮዎ ደህና ነው።"

*

በዚያው ዕለት ከሰዓት፣ ፖሊስ ጣቢያ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አለ። ውሃ ልክ እሷን ሲያይ ፊቱ በራ።

"እቱ! ያዟት እንዴ ያቺን ጠበቃ?"

"ተቀመጥ" አለ ኢንስፔክተሩ። "ሥራህ?"

"ፎርማን።"

"ስንት ዓመት?"

"ሃያ ስድስት። ከጉልበት ሠራተኝነት ነው የተነሳሁ።"

"ሟቹ ምንህ ነው?"

"ወንድሜ ነው። እናት አልወለደችንም እንጂ።"

"ቀብራራው ችግር እንዳለበት ነግሮህ ያውቃል?"

"ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገረኝም። ቢነግረኝማ በደረቴ ደግፌ አቆመው ነበር።"

"በስልክ? በመልእክት?"

"በጭራሽ።"

"እሁድ ላፕቶፑን ነካኸው?"

ውሃ ልክ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ እንደ መዶሻ እጀታ ወፍራም ናቸው። "በነዚህ? ጌታዬ፣ እኔ ስልክ ስደውል እንኳ ሁለት ቁጥር አብሮ ነው የሚነካብኝ።"

"መጻፍ አትችልም ማለት ነው።"

"ስሜን ብቻ።"

"መፈለግስ? በድምፅ?"

ሰውዬው እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ። ኢንስፔክተሩ ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረና ቀስቷን ነካ።

"ውሃ ልክ፣ ስማኝማ። ቀብራራው ገና ነው..."

ፊቱ እንደ እርጥብ ኖራ ነጣ። ድምፁ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

"አጥፍቼዋለሁ እኮ!" አለ። "እሁድ በሩ ላይ ቆሜ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ከየት አመጣችሁት?"

አራት ወር ሙሉ ጋሼና እርስዎ ስትለው ኖራለች። አሁን አላለችውም።

"አንተ ነህ ያመጣኸው። ቤቴ ድረስ በእጅህ ይዘኸው መጣህ።"

ውሃ ልክ ኢንስፔክተሩን አየ፤ መሬቱን አየ። ከዚያ ቃሉ ተንደረደረ።

"አለቃው ነው። 'ዓርብ የአራተኛ ፎቅ ሶሌታ አርማታው ካልተሞላ አንተም ዕቃህም ውጡ' አለኝ። ድጋፍ አነሰኝ። ከየት ልውለደው? ከቀብራራው ሥር ለአንድ ሌሊት ልዋስና ጠዋት ልመልስ አልኩ። አንድ ሌሊት ይችላል ብዬ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስንቱን ዓይቻለሁ፣ ይችላል አልኩ። ጠዋት ድጋፍ ጭኜ ስመጣ..." እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "እሱ ቀደመኝ።"

"ሪፖርቱን ማን ሰጠ?" አለ ኢንስፔክተሩ። "በቃል ፈቀደ የሚለውን?"

"እኔ። አለቃው 'ማን ፈቀደልህ?' ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው የእሱ ስም ሆነ። 'በእኔ አሳብብ' ብሎኝ አልነበር?"

ወንበሯ ጮኸ። መነሳቷን ያወቀችው ከተነሳች በኋላ ነው።

"አለቃህ ሲጮህብህ አሳብብ ነው ያለህ! ሞቼ ሳለሁ አራት ሰው ገደለ በለኝ አላለህም!"

"እቱ፣ እሱ እኮ ሞቷል ብዬ... እኔ ልጆች አሉኝ..."

"የብረት አሳሪው እናት ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ አጠገቤ ነበርክ። 'ተያቸው፣ ሐዘን ነው' አልከኝ። ክንዴን ይዘህ መንገድ አሻገርከኝ። እናቱ ፊት ተንበርክከህ ልጅዎ ነኝ አልክ። ብርቱካን አመጣህልን!"

ኢንስፔክተሩ አላስቆማትም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ግድግዳውን ያይ ነበር።

"መልእክቱን ለምን ቀድመህ አላጠፋኸውም?" አለ በኋላ፣ ድምፁን አውርዶ። "አራት ወር ስልክህ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"አቃተኝ" አለ። "ድምፁ ነው። ማታ ማታ እሰማዋለሁ። ጠበቃዋ ፎቶዎቹን አይታ ለአለቃው ነግራው፣ እሁድ አለቃው ደውሎ 'ያቺ ሴት ሐሙስ ሁላችንንም ታስበላለች' ሲለኝ ነው... በምን እንደምፈልገው አላውቅም። የማውቀው እሱ ሲያደርግ ያየሁትን ነው። ይናገራል፣ ይመጣል፤ የማይፈልገውን ነክቶ ያጠፋል። በራሴ አፍ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እሱን አስነገርኩት።"

ማዘን አልፈለገችም። ሊያሳዝናት እንደሞከረ ተሰማት፣ ቁጣዋም በዚህ ባሰ።

"ይጻፍ" አለች ለኢንስፔክተሩ። "አንድ ቃል ሳይቀር።"

ወደ በሩ ስትሄድ ውሃ ልክ ከኋላዋ "እቱ" አለ። አልዞረችም። እንዲህ ብሎ የሚጠራት ባሏ ነበር። ከእሱ ነው የተማረው።

*

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጠበቃዋ ሽቶዋን ተቀብታ፣ ወረቀቷን አስተካክላ መጥታለች። የኩባንያው አለቃ ግን አልመጣም፤ አሞታል ተባለ። ኢንስፔክተሩ የፎርማኑን ቃል አነበበ። ከዚያ ድምፁ ተከፈተ። "አንዲት ብረት እንዳትነካብኝ" የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እንደ ተመታ ሰው ቃተተች።

ጠበቃዋ ተነሳች። "የፎርማኑ ጥፋት የግሉ ነው። ኩባንያው የሚያውቀው ነገር የለም።"

"እሁድ የደወለለት ማነው?" አለ ኢንስፔክተሩ። "ያንንም ይዘናል እኮ። አይቸኩሉ።"

ተቀመጠች።

"በጥራት ተቆጣጣሪው የቃል ፈቃድ" የሚለው መስመር ተሰረዘ። ጸሐፊዋ በቀይ እስክሪብቶ ስትሰርዘው ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። የፎርማኑ ክስ ተከፈተ። የአለቃው ስም ለምርመራ ተላለፈ። የብረት አሳሪው እናት በመተላለፊያው መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ። ይቅርታ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። "ይቅርታ አይበሉኝ" አለቻቸው። "ቢሉኝ አልችልም።" እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ጠራት።

"እመቤቴ፣ ለመዝገቡ እንዲሆን ነው። ከሟቹ ማኅደር የጎደለውን በቁጥር ይንገሩን።"

ጠጋኙ ቃሉን ጠብቆ ትናንት ሌሊቱንም ዛሬ ጠዋትም ሞክሯል። ዓይኑ ቀልቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀላት።

ቆመች። ደብተሯን አልገለጠችም።

ከአርባ አንዱ ውስጥ አንዱን ከሌሎቹ ረዘም አድርጋ ዓርብ ዕለት አይታው ነበር፣ ጠበቃዋ አጠገቧ ተቀምጣ ስትጠብቅ። ጓንት ያጠለቀ የባሏ ግራ እጅ ነው፤ ጠቋሚ ጣቱ የቀብራራው ስንጥቅ ላይ አርፏል። ሌሎቹን ሁሉ ያነሳው ከካሜራው ኋላ ሆኖ ነው። እሱ ራሱ የገባበት ያ አንድ ብቻ ነበር። ይህን ለኮሚቴው አልተናገረችም።

"ከ3814 እስከ 3854" አለች። "አርባ አንድ ፎቶዎች። የሉም።"